በመንግሥት ወጪ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ መማር የምትፈልጉ ከጥር ጀምራችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ

ስፖንሰር የሚጠየቀው ጥር ላይ ነው። መስከረም ላይ ሲጠየቅ ረፍዷል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ።

በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ጎበዝ ልጅ የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን (ጋት) ታልፋለች፣ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላታል፣ ደብዳቤውን ይዛ እየሮጠች ቢሮ ስትገባ «በጀት አልቋል፣ ለከርሞ እናያለን» ትባላለች። ኃላፊው ሊበድላት ፈልጎ ላይሆን ይችላል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ዕቅዱ ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ተሠርቶ፣ ለምክር ቤት ቀርቦ ያለቀለት ነው። መስከረም ላይ የመጣ ጥያቄ የሚገባበት ቦታ የለም።

ይህን የምጽፈው በመንግሥት ተቋም ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ነው። ኤምፒኤች (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ለመማር ታስባላችሁ፣ ከኪሳችሁ ለመክፈል ግን አቅም የለም። መንግሥት ለዚህ ገንዘብ ያወጣል። ገንዘቡ ግን እናንተን ፈልጎ አይመጣም። መንገዱን ማወቅ አለባችሁ።

ገንዘቡ ያለው የት ነው?

መንግሥት የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ድጋፍ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው እየሠለጠኑ፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም፣ በሽታን የሚከላከል ሰው እናፍራ። ጅማ ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማኅበረሰቡ ውስጥ እያስገባ በማስተማር ይታወቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው ትምህርት ቤቱ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማስተርስ ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ ሐሮማያ ሐረር ላይ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ወሎና ሌሎችም ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ።

ገንዘቡ በሁለት መስመር ነው የሚፈሰው። አንደኛው ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሄደው በጀት ነው። የመምህር ደመወዝ፣ ሕንፃው፣ ቤተ ሙከራው በዚህ ይሸፈናል። ሁለተኛው በክልል በኩል ወርዶ ወረዳ የሚደርሰው ነው፤ የእናንተ ደመወዝ የሚከፈለውም ከዚህ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወንበር ይሰጣችኋል፣ መሥሪያ ቤታችሁ ደግሞ ደመወዝ እየከፈለ ይልካችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «ደመወዜን የሚከፍለኝ ማን ነው?» የሚለው ነው። ወረዳ ከሆነ ከወረዳ ጀምሩ። ሆስፒታል ከሆነ ከሆስፒታሉ የሰው ሀብት ጀምሩና የክልሉ ጤና ቢሮ ኮታ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። ፌዴራል ተቋም ከሆነ ጤና ሚኒስቴር ድረስ የሚሄድ ነገር ነው።

ከጥር እስከ ሰኔ

ወረዳዎች የጤና ዕቅዳቸውን በየዓመቱ ይሠራሉ። ዕቅዱ ውስጥ ስለ ሰው ኃይል የሚያወራ ክፍል አለ። እዚያ «ሥልጠና» በሚለው ሥር «በኤፒዲሚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ፣ 1 ሰው» የሚል መስመር ከገባ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ካልገባ ኃላፊው ቢወዳችሁም ፋይናንስ ይጠይቀዋል፣ ኦዲት ይጠይቀዋል።

መስመሩ እንዲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ዕቅድ የሚሠራውን ባለሙያ ታገኙታላችሁ። ኃላፊውን ከማግኘታችሁ በፊት ነው ይሄ። የዕቅድ ባለሙያው ሰነዱን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን ሲያመሽ ታገኙታላችሁ። ዳታ በማጠናቀር አግዙት። ከዚያ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ገጹ ላይ ስለ ራሳችሁ ፍላጎት አትጻፉ። ስለ ወረዳው ክፍተት ጻፉ። «ባለፈው ዓመት በሦስት ቀበሌ ኩፍኝ ተነስቶ ሪፖርቱ ዘግይቶ ነው ዞን የደረሰው፤ ሳምንታዊ ሪፖርቱን የሚተነትን የሠለጠነ ሰው የለንም» ዓይነት ነገር፣ በእርግጥ የሆነውን፣ ከራሳችሁ መዝገብ። ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ ያለውን የወረዳችሁን ቁጥር አውጥታችሁ ብታያይዙበት ደግሞ ማንም ሊከራከር አይችልም።

በዚህ መሐል ለጋት ተመዝገቡ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማስተርስ ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴርን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። የሚጠይቃችሁ ቋንቋ፣ ስሌትና የማመዛዘን ችሎታ ነው። ከምረቃ ብዙ ዓመት ለቆያችሁ ስሌቱ ነው የሚከብደው። የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አውጥታችሁ ሬሾ፣ ፐርሰንት፣ ግራፍ ማንበብ ላይ ጊዜ አጥፉ። ምዝገባው በኦንላይን ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ማስታወቂያውን በየሳምንቱ ተከታተሉ፣ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

የመሥሪያ ቤታችሁ የትምህርት ዕድል ኮሚቴ መስፈርት ምን እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቁ። የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ ከዲሲፕሊን ነጻ መሆን፣ ለሴቶች የሚሰጥ ተጨማሪ ነጥብ፣ እነዚህ በብዙ ቦታ ይኖራሉ። የአፈጻጸም ውጤታችሁ ፋይል ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ውጤቱ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ዕድል ያመለጠው ሰው አለ።

ኮስት ሼሪንግ፣ ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚወድቀው

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትማሩ በየዓመቱ የፈረማችሁት ቅጽ ትዝ ይላችኋል? ያ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደነገገ። ሲቀጠር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። የሚቆርጠው አሠሪው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቆርጥም። ወይም ይቆርጥና በስማችሁ በትክክል ለገቢዎች አያስተላልፍም። እናንተም ደመወዛችሁ ሙሉ ስለሚገባ ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ዓመታት አልፈው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ ዩኒቨርሲቲው «ክሊራንስ አምጣ» ይላችኋል። በእጃችሁ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው። ማስተርስ የሚያስገባችሁ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦፊሻሉን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ተልኮለት ማየት ይፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሒሳቡን ሥሩ። ለምሳሌ የቀረባችሁ ዕዳ 40,000 ብር፣ የወር ደመወዛችሁ 9,000 ብር ቢሆን 10 በመቶው 900 ብር ነው። 40,000 ለ900 ሲካፈል ከ44 ወር ትንሽ ይበልጣል፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ነው የሚቀረው። ያልተቆረጠላችሁ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ይሻል እንደሆነ አስቡ። ካልቻላችሁ ቢያንስ መቆረጥ መጀመሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችሁና ከገቢዎች ያዙና ዩኒቨርሲቲው በዚያ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የከፈላችሁበትን እያንዳንዱን ደረሰኝ ፎቶ አንሱ። ወረቀት ይጠፋል፣ ሰው ይቀየራል።

ደብዳቤው ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ

«ስፖንሰር ተደርጌያለሁ» ሲባል ሰው የሚረዳው የተለያየ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ብቻ ይከፍላል። ሌላው የትምህርት ክፍያም ይሸፍናል። አንዳንዱ «ስፖንሰር» ብሎ ይጽፍና በተግባር የሚሰጠው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው። እንግዲህ አራት ጥያቄ ጠይቁ። በትምህርት ላይ ሳለሁ ደመወዜ ሙሉ ይከፈላል? የትምህርት ክፍያውን ማን ይሸፍናል? መኖሪያና ምግብስ? የጥናት ወጪውስ? «የለም» የሚል መልስ ቢሰጣችሁም ችግር የለውም፣ እቅዳችሁን በዚያ ትሠራላችሁ። አደጋው መልሱን ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ስታገኙት ነው።

ደብዳቤውን የሰው ሀብት ሠራተኛው ከድሮ ፋይል ገልብጦ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ረቂቁን እናንተ ብታቀርቡለት ደስ ይለዋል። እንዲህ ልታደርጉት ትችላላችሁ፦

«ጽሕፈት ቤታችን የወረዳውን የበሽታዎች ቅኝት ሥራ የሚመራ በሙያው የሠለጠነ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ስለሌለው፣ በበጀት ዓመቱ ዕቅድ በተያዘው አንድ የሥልጠና ቦታ የጽሕፈት ቤታችን ባልደረባ በመደበኛ መርሐ ግብር ለሁለት ዓመት እንዲማሩ የፈቀደ መሆኑን፣ በትምህርት ላይ በሚቆዩበት ጊዜ የወር ደመወዛቸውን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል መሆኑን፣ የትምህርት ክፍያውንም ጽሕፈት ቤቱ የሚሸፍን መሆኑን እንገልጻለን።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ቆም በሉ። የትምህርት ክፍያውን ጽሕፈት ቤቱ የማይሸፍን ከሆነ አትጻፏት፤ ዩኒቨርሲቲው በመንግሥት ኮታ ይቀበላችሁ እንደሆነ በሬጅስትራር በኩል አጣርታችሁ እሱን ጻፉ። «አስፈላጊውን ሁሉ ያደርጋል» የሚል አረፍተ ነገር ከተጻፈ ግን አስተካክሉት። ምንም ማለት አይደለም።

የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ?

ሰው ዘርፍ የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን አይቶ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የተዋልዶ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና አገልግሎት አመራር፣ ጤና ኢኮኖሚክስ፣ የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ክትትልና ግምገማ አለ። እኔ የምላችሁ፣ ስትመለሱ የምትቀመጡበትን ወንበር አስቡ። የሥራ መደቡ ዝርዝር ላይ የትኛው ዘርፍ ተቀባይነት እንዳለው ሰው ሀብት ጋር ሄዳችሁ አንብቡ። ተምራችሁ ስትመጡ «የእርስዎ ዘርፍ ለዚህ መደብ አይሆንም» ተብላችሁ በድሮው ደመወዝ መቀመጥ አለ። እኔ ይሄን ሳስብ ያናድደኛል፣ መንግሥት ሁለት ዓመት ደመወዝ ከፍሎ ያሠለጠነውን ሰው ሳይጠቀምበት ማለት ነው።

በሽታ ማሳደድ የምትወዱ ከሆነ፣ ማለትም ወረርሽኝ ሲባል ከሌላው ቀድማችሁ መኪና ላይ የምትወጡ ዓይነት ከሆናችሁ፣ ፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂን አጥብቃችሁ አስቡበት። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጤና ሚኒስቴርና አሁን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ትብብር ነው የተጀመረው። በኋላ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ገብተውበታል። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከጊዜው ሩብ ያህሉ ክፍል ውስጥ፣ ቀሪው ሦስት እጅ መስክ ላይ ነው። ክልል ጤና ቢሮ ወይም ሌላ የመስክ ጣቢያ ትመደቡና ወረርሽኝ ትመረምራላችሁ፣ የቅኝት መረጃ ትተነትናላችሁ፣ የቅኝት ሥርዓቱን ትገመግማላችሁ። ስትመረቁ በእጃችሁ የሠራችሁት ሥራ አለ። ከሁሉም ዘርፍ ለወረዳ የሚጠቅመው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አጣሩ፦ የመስክ ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ። ይህ ሥልጠና በአገራችን ለዓመታት የአሜሪካ በሽታ መከላከያ ማዕከል ድጋፍ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። በሰው ገንዘብ የቆመ ሥልጠና ሰው እጁን ሲሰበስብ ይወድቃል። ለዚህ ነው በመንግሥት በጀት ውስጥ መስመር መያዝ አለበት እያልኩ የምደጋግመው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። የዚያ ቃል አንዱ ክፍል የእናንተ ወረዳ ዕቅድ ውስጥ ያለችው አንዲት መስመር ናት።

ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ

ስፖንሰር ከተፈቀደ በኋላ ውል ትፈርማላችሁ። ተምራችሁ ተመልሳችሁ ለተወሰነ ዓመት ልታገለግሉ፣ ካልሆነ ወጪውን ልትመልሱ። ይሄ ተገቢ ነው። ሕዝቡ ከፍሎ አስተምሯችኋልና። ውሉ ግን ግልጽ መሆን አለበት፣ ለእናንተም ለመሥሪያ ቤቱም።

ውሉ ላይ «ሠልጣኙ ግዴታውን ካልፈጸመ የወጣበትን ወጪ በሙሉ ይመልሳል» የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። «ወጪ በሙሉ» ማለት ምን ማለት ነው? ደመወዝን ይጨምራል? ሁለት ዓመት የተከፈላችሁን ደመወዝ መልሱ ብትባሉ ምን ያህል እንደሆነ አስሉት። ግማሹን ጊዜ አገልግላችሁ ብትለቁ ግማሹን ነው የምትከፍሉት ወይስ ሙሉውን? ይሄ ካልተጻፈ ይጻፍልኝ በሉ። የአገልግሎት ዓመቱ ቁጥር በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ከወረዳው ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ብትዛወሩ ግዴታው አብሯችሁ ይሄዳል ወይስ ይፈርሳል? ወረዳው ለሁለት ቢከፈልስ? አትሳቁ፣ አዲስ ወረዳና አዲስ ዞን ሲዋቀር አይታችኋል።

እህቶች፣ ለእናንተ አንድ ተጨማሪ ነገር። ትምህርት ላይ እያላችሁ ልትወልዱ ትችላላችሁ። የወሊድ ፈቃድ መብታችሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ትምህርቱ አንድ ሴሚስተር ቢገፋ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ የሚለው ግን ውሉ ላይ ላይኖር ይችላል። «በሕግ በተፈቀደ የወሊድ ፈቃድ ምክንያት የሚራዘም ጊዜ እንደ ውል ማፍረስ አይቆጠርም» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር አስገቡ። ስታስገቡ የሚቆጣ ኃላፊ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ብዙዎቹ አስበውበት ስለማያውቁ ነው።

ስለ ዋስ። ብዙ ቦታ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆናችሁ የሥራ ባልደረባችሁ ወይም ወንድማችሁ ይሆናል። «ፎርማሊቲ ነው» ብላችሁ አታስፈርሙት። እናንተ ውጭ አገር ሄዳችሁ ብትቀሩ ከእሱ ደመወዝ ላይ ነው የሚቆረጠው። የውሉን ኮፒ ለእሱም ስጡት። እናንተም ኮፒ ያዙ፣ ማኅተም ያረፈበት። ፋይል ክፍል ብቻ ያለ ውል ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

የቴሲስ ገንዘብ

ሰው ስለ መግባት እንጂ ስለ ቴሲስ አያስብም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ ግን ሌሊት የሚያስነሳው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የጥናት ድጋፍ ካለም ትንሽ ናት፤ የዳታ ሰብሳቢ አበል እንኳ ላትሸፍን ትችላለች።

በተለመደው አሠራር ሒሳቡን እንየው። ስርጭቱን 50 በመቶ ይዛችሁ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ ስሕተት ስታሰሉ የናሙናችሁ ብዛት 384 ሰው ይመጣል። 10 በመቶ መልስ ለማይሰጡ ሲጨመር 423 አካባቢ። የላይብረሪው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ቴሲሶች ብትገልጡ ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። አንድ ዳታ ሰብሳቢ በቀን 10 ቤት ቢሞላ፣ አምስት ሰብሳቢ ቢኖራችሁ በቀን 50 ነው። ስለዚህ ወደ 9 ቀን ይፈጃል፤ አምስት ሰው ለ9 ቀን ማለት 45 የሰው ቀን አበል ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሱፐርቫይዘር፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ትራንስፖርት። የአካባቢያችሁን የቀን አበል አብዙበትና እዩት። ናሙናው ሁለት ደረጃ ካለው (መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት የሚመረጥ ከሆነ) ደግሞ ዲዛይን ኢፌክት በሚባለው ማስተካከያ ሲባዛ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይህን ወጪ የምትቀንሱበት መንገድ አለ፣ እኔም በጣም የምመክረው እሱን ነው። የተሰበሰበ መረጃ ተጠቀሙ። አገራችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ዓመታት የሚከታተሏቸው የጤናና ሥነ ሕዝብ ቅኝት ጣቢያዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ አለው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ። ጎንደር ዳባትን ከ1996፣ ጅማ ግልገል ጊቤን ከ2005፣ ሐሮማያ ከርሳን ከ2007 ጀምሮ ይከታተላሉ፣ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እዚያ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን በምን እንደሞተ በቤት ደረጃ ተመዝግቧል። ይሄን መረጃ ለመሰብሰብ የእናንተ ዕድሜ አይበቃም። አማካሪያችሁን «ከዚህ መረጃ ላይ ልሥራ» ብላችሁ ገና በአንደኛው ዓመት ጠይቁት። የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 (እ.ኤ.አ.) የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መረጃም ለተመራማሪ ክፍት ሆኖ ስንት ቴሲስ ተሠርቶበታል።

ሦስተኛው አማራጭ የራሳችሁ ወረዳ ነው። ወደምትመለሱበት ወረዳ ዲኤችአይኤስ 2 እና የጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ሥሩ። ለምን ነፍሰ ጡሮች አራተኛውን ክትትል ሳይጨርሱ ይቀራሉ? ክትባት ጀምረው የሚያቋርጡት ልጆች የየትኛው ቀበሌ ናቸው? ለዚህ ወረዳው መኪና ሊሰጣችሁ ይችላል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያግዟችኋል፣ ምክንያቱም መልሱን እነሱም ይፈልጉታል። ወጪውን ስፖንሰር የምታስደርጉትም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ለማያውቀው ርእስ ገንዘብ አያወጣም። የሥነ ምግባር ፈቃዱንና የዞን የትብብር ደብዳቤውን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ሳምንታት ይበላሉ። መጠይቁን በወረቀት ከማባዛት በስልክ፣ ኮቦ በሚባለው መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ብትሰበስቡ የማተሚያና የዳታ ማስገቢያ ወጪ ይቀርላችኋል።

ዘንድሮ ካልሆነስ?

ሁለት ዓመት የማይፈጅ ነገር አለ። የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂው የፊት መስመር ሥልጠና ሦስት ወር ነው፣ ከሥራችሁ ሳትለቁ። ለጥቂት ጊዜ ክፍል ገብታችሁ ወደ ወረዳ ትመለሱና የራሳችሁን የቅኝት መረጃ ትሠሩበታላችሁ። ለወረዳ ቅኝት ባለሙያ በጣም ጥሩ መግቢያ ነው፣ በኋላም ለማስተርሱ ስትወዳደሩ ይጠቅማችኋል። በክልል ጤና ቢሮ የሕብረተሰብ ጤና አደጋዎች ክፍል በኩል ጠይቁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከሆናችሁ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የሚደረገው ማሻሻያ በክልል ጤና ቢሮና በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በኩል ይሄዳል፣ ምርጫውም ከወረዳ ይጀምራል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያላለፋችሁ እሱን አስቀድሙ።

የሌላ አገር መንግሥት ገንዘብም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ማለትም ወደ ሁለት ዓመት፣ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትመለሱ ያስገድዳል። የጀርመኑ ዳአድ ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች፣ የሕብረተሰብ ጤናን ጨምሮ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራና ዲግሪውን ካገኘ ስድስት ዓመት ያላለፈው ሰው ይፈልጋል። ይህችን ስድስት ዓመት ልብ በሉ፣ «ቆይቼ አመለክታለሁ» የሚል ሰው ሳያውቅ ያልፈዋል። ለሁለቱም የሚያበቃችሁ ሥራችሁን በቁጥርና በተጨባጭ መናገር መቻላችሁ ነው።

ስትመለሱ

ዲፌንስ ካለፋችሁ በኋላ ቶሎ ሪፖርት አድርጉ። ውሉ ላይ የመመለሻ ቀን ገደብ ይኖራል፤ ዲግሪው እስኪታተም ብሎ አዲስ አበባ መቆየት ውል ማፍረስ ተብሎ ሊያስቆጥር ይችላል። የዲፓርትመንቱን የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ሪፖርት ያደረጋችሁበትን ቀን በመዝገብ ቁጥር አስጽፉ፤ የአገልግሎት ግዴታችሁ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነውና።

የደረጃ ዕድገቱን በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ጠይቁ። የቴሲሱን አንድ ኮፒ ለወረዳው ስጡ፣ ከእሱ ጋር በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ። መቶ ገጽ እንግሊዝኛ ማንም አያነብላችሁም፣ ሁለት ገጹን ግን አስተዳዳሪውም ያነበዋል። በሚቀጥለው ጥር ዕቅድ ሲሠራ ደግሞ የሚቀጥለው ባልደረባችሁ ስም የሚገባበት መስመር እንዲኖር አብራችሁ ተቀመጡ።